«ምን አጥፍቼ ነው?» የጨቅላ ሕፃናት የፕላትሌት ማነስ ታሪክ

ልጇ በተወለደ በማግስቱ ቆዳው ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ወጥቶ «ፕላትሌቱ ወርዷል» የተባለች እናት መጀመሪያ የምትጠይቀው «ምን አጥፍቼ ነው?» ብላ ነው። ምንም አላጠፋሽም። መልሱ የተገኘበትን ታሪክ ልንገራችሁ (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ፕላትሌት ደም እንዲረጋ የሚያደርግ ጥቃቅን የደም ክፍል ነው። በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ይገኛል። ፕላትሌቷን የራሷ ሰውነት የሚያጠፋባት እናት የምትወልደው ልጅም ለጥቂት ጊዜ ሊያንሰው፣ ከዚያም በራሱ ሊስተካከል እንደሚችል ሐኪሞች ቀድመው ያውቁ ነበር። ታዲያ ከእናት ወደ ልጅ የሚያልፈው ምንድን ነው?

በ1950 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ ወጣቱ ሐኪም ዊሊያም ሃሪንግተን ነገሩን በራሱ ላይ ሞከረው። ይህ በሽታ ካለበት ታካሚ ደም ወስዶ በደም ሥሩ አስገባ። በሰዓታት ውስጥ ፕላትሌቱ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም፤ ራሱን አስቶ አንቀጠቀጠው። ለማገገምም ቀናት ፈጀበት። (ዛሬ ይህን የሚፈቅድ ኮሚቴ የለም፤ እንዳይሞከር!) ጥፋተኛው በደም ፈሳሽ ውስጥ እንዳለ ታወቀ፤ አንቲቦዲ ነው። በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ የልጁን ፕላትሌት ያጠፋል፣ ከልጁ ደም ቀስ በቀስ ሲወጣ ቁጥሩ ይመለሳል።

ሌላም ዓይነት አለ። የእናትየው ፕላትሌት ሙሉ ነው፤ ልጁ ከአባቱ የወረሰውን የፕላትሌት ምልክት ግን ሰውነቷ እንደ ባዕድ ይቆጥረዋል። ዋነኛውን ምልክት በ1959 ፋን ሎግሄም እና ባልደረቦቹ ኔዘርላንድ ውስጥ ገለጹ። ሾተላይን ለሚያውቅ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ልዩነቱ፣ ሾተላይ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ልጅ ሲምር ይሄኛው በመጀመሪያው እርግዝናም ይመጣል። አንጎል ውስጥ ደም በማፍሰስ ይበልጥ የሚያሰጋውም ይሄ ነው።

ለዚህኛው ሐኪሞች የእናትየውን ፕላትሌት ወስደው፣ አንቲቦዲውን አጥበው ለልጁ ይሰጡ ነበር፤ የእሷ ፕላትሌት ያ ምልክት ስለሌለው አይጠቃም። በ1981 ስዊዘርላንዳዊው ፖል ኢምባክ ከብዙ ለጋሾች ደም የተጣራ ኢሚውኖግሎቡሊን የሕፃናትን ፕላትሌት በቀናት ውስጥ ከፍ እንደሚያደርግ አሳየ። በ1988 ደግሞ ጄምስ ባስል እና ባልደረቦቹ ቀደም ሲል የተጎዳ ልጅ ለወለዱ ነፍሰ ጡሮች በየሳምንቱ እንደሰጡት ዘገቡ፤ ልጁ ገና ማህፀን ውስጥ እያለ መታከም ጀመረ ማለት ነው። መድኃኒቱ ውድ ነው፣ በየቦታውም አይገኝም።

ስለዚህ ከዚህ በፊት ፕላትሌቱ ያነሰ ልጅ የወለደች እናት በሚቀጥለው እርግዝና ገና በመጀመሪያው ክትትል ለሐኪሟ ትንገር። ጨቅላው ላይ ነጠብጣብ፣ ከእትብቱ የማይቆም ደም፣ ጡት እምቢ ማለት ወይም መንቀጥቀጥ ከታየ ግን እስኪነጋ አይጠበቅም።