የምጽዋ ጎታች ጀልባዎችና ከባሕር የወጣው ብረት ባለቤት



የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የባሕር ታሪክ ሲነሣ ጎልተው የሚወጡት የጦር መርከቦች ናቸው። እኔ ዛሬ ለመናገር የመረጥኩት ስለ ትንንሾቹ፣ ስለ ጎታች ጀልባዎችና ከእነርሱ ጋር ስለሚሠሩ የወደብ መሣሪያዎች ነው። ትልቅ መርከብ ያለ ጎታች ጀልባ እርዳታ ጠባብ ወደብ ውስጥ እንደ ልቡ አይዞርም፤ ሰጥሞ የተነሣ መርከብ ደግሞ ካልተጎተተ ከቦታው አይነቃነቅም። ስለዚህ ወደብ ለቅቆ የሚሸሽ ሠራዊት እነዚህን ሳያጠፋ አይሄድም፤ ወደቡን የያዘውም ወገን ቀድሞ የሚፈልገው እነዚህኑ ነው።

ለዚህ ከምጽዋ የተሻለ አስረጅ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በማርች 1941 መጨረሻ ከረን ስትወድቅ የምጽዋ ዕጣ ተቆርጦ ነበር። ከተማይቱ ኤፕሪል 8 ቀን ከመያዟ በፊት በአድሚራል ማሪዮ ቦኔቲ ትእዛዝ የጣሊያንና የጀርመን መርከቦች መተላለፊያዎቹን እንዲዘጉ ተደርድረው ሆን ተብለው እንዲሰጥሙ ተደረገ። ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛ ዶኮችና ተንሳፋፊ ክሬንም ከዚህ አልዳኑም። እንግሊዞች ወደብ ማረኩ ይባል እንጂ፣ ያገኙት ባብዛኛው በውኃ ውስጥ ያለ ብረት ነበር።

በ1942 የተላከው አሜሪካዊው የባሕር ኃይል መኮንን ኤድዋርድ ኤልስበርግ ሥራውን የጀመረው በጥቂት ሰዎችና በአነስተኛ መሣሪያ ነው። ትልቁን ዶክ ያነሣበት ዘዴ ለተማሪ ሁሉ ማስተማሪያ ይሆናል። የዶኩ ወለል በቦምብ ተበሳስቷል፤ ኤልስበርግ ግን የታችኛውን ቀዳዳ ለመድፈን አልደከመም። የላይኛውን ክፍል አየር እንዳያሳልፍ አሽጎ የታመቀ አየር ሲነፋበት፣ ውኃው በዚያው በተበሳው ወለል እየተገፋ ወጣ። አይነሣም የተባለው ዶክ በዘጠኝ ቀን ተንሳፈፈ። በኋላ ኢንተንት የተባለችው አሜሪካዊት ጎታች ጀልባና ከቻይና የመጣችው ሺን ሮኬት በወደቡ ሥራ ተሰማሩ። በዚያው ዓመት እንግሊዛውያኑ የጦር መርከቦች ዲዶ፣ ዩርያለስና ክሊዮፓትራ ምጽዋ ላይ ተጠገኑ። ኤልስበርግ ይህን ሁሉ በ1946 ባሳተመው መጽሐፍ ተርኮታል። መጽሐፉ ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም ደራሲው ራሱን ከመድረኩ መሐል ፈቀቅ ማድረግ አልሆነለትም። በዚያ ሙቀት የመርከብ ሆድ ሲፍቁ የዋሉት የአገሬው ሠራተኞች በብዛት ስም የላቸውም።

እንግዲህ አንዲት የተማረከች ጎታች ጀልባን ዱካ መከተል የሚሻ ተመራማሪ ከየት ይጀምር? ከስሟ እንዳይጀምር እመክራለሁ። የእንግሊዝ የጦርነት ትራንስፖርት ሚኒስቴር ለተማረኩ መርከቦች «ኤምፓየር» የሚል መነሻ ያለው ስም ያወጣ ነበር፤ ነገር ግን በራሱ ትእዛዝ ለተሠሩ አዳዲስ ጎታች ጀልባዎችም ይህንኑ ስም ሰጥቷል። ስም ይለወጣል፤ መርከቢቱን የሠራው ፋብሪካ የሰጣት ተራ ቁጥር ግን አይለወጥም። ቀጥሎ የሚመጣው የባለቤትነት ጥያቄ ነው። የጠላት መንግሥት የባሕር ኃይል ንብረት ከሆነች የጦር ምርኮ ናት። የግል ኩባንያ ንብረት ከሆነች ደግሞ ጉዳይዋ በባሕር ምርኮ ፍርድ ቤት በኩል ያልፋል፤ የፍርድ ቤቱ መዝገብም ለታሪክ ጸሐፊ ከጦር ዘገባ የበለጠ ይናገራል።

ጀርመናዊቷ ጎታች መርከብ ዜፋልከ የገጠማት ዕጣ ከዚህ የተለየ ነው። በ1924 ተሠርታ በ1944 በኪል ወደብ በአየር ድብደባ ሰጠመች፤ ከጦርነቱ በኋላ በዚያው በአገሯ ወደ ሥራ ተመለሰች። ዛሬ ብሬመርሃፈን ውስጥ የሙዚየም መርከብ ናት። ለእርሷ የባለቤትነት ጥያቄው ቀላል ነበር፦ የሰጠመችውም፣ የሠራችውም፣ የተቀመጠችውም በራሷ ሰዎች ዘንድ ነው።

ምጽዋ ላይ ግን ነገሩ ሦስት ወገን ነበረው። መሣሪያውን ያመጣው ጣሊያን፣ የማረከው እንግሊዝ፣ ወደቡ ያለበት ምድርና በላቡ ያገለገለው ሕዝብ ደግሞ ሌላ። በሕግ ፊት የቆሙት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። የእንግሊዝ አስተዳደር ከኤርትራ ከመውጣቱ በፊት የወደቡን መሣሪያዎችና ተቋማት እየነቀለ ሲያስወግድ የምርኮ መብትን ይጠቅስ ነበር ብንል እንኳ፣ ያ መብት የተጻፈው ጦርነትን ለማካሄድ ነው፤ ጦርነቱ ካበቃ ደግሞ ዓመታት አልፈው ነበር። በእኔ እምነት የክርክሩ ዋና ድካም እዚህ ላይ ነው።

ይህን በአደባባይ የተሟገተችው እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክኸርስት ናት። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በተዋሐደችበት በ1952 ያሳተመችው ትንሽ መጽሐፍ ርእሱ ራሱ ለገዛ መንግሥቷ የቀረበ ጥያቄ ነው፦ የኢትዮጵያን ወደቦች የምናፈርሰው ለምንድን ነው?