የአደራ ትንተና ቋት

«ማኔጅድ አናሊቲክስ ዳታቤዝ» በአማርኛ «በአደራ የሚተዳደር የትንተና የመረጃ ቋት» ሊባል ይችላል፤ ሲያጥር «የአደራ ትንተና ቋት»። ብዙ መረጃ በፍጥነት ለመደመር፣ ለማነጻጸርና ለማጠቃለል የተሠራ የመረጃ ቋት ነው። ማሽኑንና ጥገናውን ሌላ ድርጅት በክፍያ ይይዘዋል፤ መረጃው ግን የባለቤቱ እንደሆነ ይቆያል።

ስታርትአፖች፣ ማለትም ጀማሪ ድርጅቶች፣ ለደንበኞቻቸው አኃዝና ግራፍ የሚያሳይ የመረጃ ሰሌዳ፣ ማለትም ዳሽቦርድ፣ መስጠት ሲጀምሩ ይህ ቃል መነሣቱ አይቀርም።

ትንተና ሲባል

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ማንኩሳ ዙሪያ በቆሎ የሚሰበስብ አንድ ጀማሪ ድርጅት አለ እንበል። ጆንያ ሚዛን ላይ በወጣ ቁጥር ቀኑ፣ ቀበሌው፣ የአርሶ አደሩ መለያ ቁጥር፣ ኪሎው፣ እርጥበቱ፣ ደረጃው፣ ዋጋው፣ የተከፈለው ብርና ሌላውም ዝርዝር ይመዘገባል። መዝገቡ በጠቅላላው 20 ዓምድ ይኑረው።

የተለመደው የመረጃ ቋት ይህንን የሚያስቀምጠው ረድፍ በረድፍ ነው። የአንድ ሰው ሽያጭ ከነዝርዝሩ አንድ ቦታ ይቀመጣል። «የእኚህ ሰው የትናንት ክፍያ ገብቷል?» ተብሎ ሲጠየቅ ያንኑ ረድፍ ወዲያው ያመጣል። ለዕለት ተዕለት ምዝገባና ክፍያ የሚሻለው ይኸው ነው።

ጥያቄው ሲሰፋ ነገሩ ይለወጣል። ከድርጅቱ ደንበኞች አንዱ የሆነ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሊቀ መንበር ስልካቸውን ከፍተው «ከጥር ወዲህ ከየቀበሌው ስንት ኩንታል ገባ?» ቢሉ ለመልሱ የሚያስፈልጉት ቀን፣ ቀበሌና ኪሎ ብቻ ናቸው። ረድፋዊው ቋት ግን ሦስቱን ለማግኘት ብዙውን ጊዜ ሃያውንም ያነባል። መዝገቡ 10,000 ረድፍ ሲሆን ይህ አይታወቅም። 50 ሚሊዮን ሲደርስ ሊቀ መንበሩ ስክሪን ላይ ዓይናቸውን ተክለው ይጠብቃሉ፤ የባሰው ደግሞ በዚያው ሰዓት ክፍያ የሚመዘግበው ሠራተኛም አብሮ ይጠብቃል፤ ሁለቱም ሥራ የሚሻሙት አንድ ማሽን ነውና።

የትንተና ቋቶች አብዛኞቹ ዓምዳዊ ናቸው። ቀኑ ሁሉ ለብቻው፣ ኪሎው ሁሉ ለብቻው ይቀመጣል፤ ስለዚህ ሦስቱ ዓምዶች ተነብበው አሥራ ሰባቱ ሳይነኩ ይቀራሉ። ሌላም ጥቅም አለው። አንድ ዓምድ ውስጥ ያለው ነገር ተመሳሳይ ስለሆነ በቀላሉ ይታመቃል፤ «ማንኩሳ» የሚለው ስም በተከታታይ 1,000 ጊዜ ከመጣ ስሙን አንዴ ጽፎ ቁጥሩን ማስከተል ይበቃል። የሚነበበው ሲያንስ መልሱ ይፈጥናል።

ኤድጋር ኮድ የዛሬዎቹ ሠንጠረዣዊ የመረጃ ቋቶች የቆሙበትን ሐሳብ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1970 ነበር፤ ለትንተና የሚሆነው አሠራር ከዕለት ምዝገባው እንደሚለይ የሚያሳየውን ጽሑፉንም በ1993 አወጣ። ማይክል ስቶንብሬከርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረቡት ሲ-ስቶር የተባለ የመረጃ ቋት ዓምዳዊውን መንገድ አጠናከረው። ያንዴክስ የድረ ገጽ ጎብኚዎችን ለመቁጠር የሠራው ክሊክሃውስ የተባለ ቋትም እ.ኤ.አ. በ2016 ለሁሉም ክፍት ሆነ። የጎግል ቢግኩዌሪና የአማዞን ሬድሺፍት ደግሞ ከመነሻቸው በአገልግሎት መልክ የቀረቡ ናቸው።

አደራ ሲባል

በ2000 ዓ.ም. ግብይት የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጋዘን ከከፈተባቸው ከተሞች አንዷ ቡሬ ናት። አቅራቢው እህሉን ሲያስገባ ናሙና ይወሰዳል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ይመዘናል፣ ደረሰኝም ይሰጠዋል። ጥበቃው የመጋዘኑ ኃላፊነት ነው፤ እህሉ ግን እስኪሸጥ ድረስ የአስገቢው ነው። «ማኔጅድ» የሚለውን «በአደራ» ያልኩት ለዚህ ነው። «የሚተዳደር» ብቻ ቢባል ማን ለማን እንደሚያስተዳድር አይታወቅም። «የተከራየ» ቢባል ደግሞ ማሽን መከራየት ብቻ ይመስላል። አደራ ግን የሰጪም የተቀባይም ግዴታ አለበት።

ተቀባዩ አገልግሎቱን የሚሰጠው ድርጅት ነው። ሰርቨሩን ያቆማል፣ የፕሮግራሙን ማሻሻያ ይጭናል፣ መጠባበቂያ ቅጂ ይይዛል፣ አንዱ ማሽን ሲወድቅ ሌላ ይተካል፣ ሥራ ሲበዛ አቅም ይጨምራል። አራት ወይም አምስት ባለሙያ ብቻ ላለው ስታርትአፕ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከመካከላቸው አንዱ ሌሊት ሰርቨር ሲጠብቅ እንዳያድር ያደርጋል።

ሰጪው ስታርትአፑ ነው፤ በእሱ ላይ የሚቀረው ሥራም ብዙ ነው። ሚዛን ላይ 85 ኪሎ የሆነው 58 ተብሎ ከተመዘገበ ቋቱ 58ን በታላቅ ፍጥነት ይደምረዋል። የትኛው መረጃ እንዴት እንደሚደራጅ፣ ማን ምን ማየት እንደሚችል መወሰንና ሒሳቡ እንዳይንር መቆጣጠር የአደራ ተቀባዩ ሥራ አይደለም።

ሰሌዳው ለደንበኛ ሲሆን

የቢሮ ሰሌዳ የሚያዩት ጥቂት ኃላፊዎች ናቸው፤ ቢዘገይም ይታገሣሉ። የደንበኛ ሰሌዳ ግን በገበያ ቀን ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ፣ ያውም በደካማ ኔትወርክ ይከፍተዋል። ስለዚህ ተደጋጋሚ ጥያቄዎች በተጠየቁ ቁጥር እንደ አዲስ ባይሰሉ ይመረጣል። የየዕለቱ ድምር መረጃው ሲገባ አብሮ ተሰልቶ ይቀመጥ፤ ይህን «ቅድመ ድምር» ልንለው እንችላለን።

ሁለተኛው ነገር አጥር ነው። የአንዱ ማኅበር ሊቀ መንበር የሌላውን ማኅበር ዋጋና ክፍያ ማየት የለባቸውም። እያንዳንዱ ጥያቄ የደንበኛውን መለያ ይዞ መሄድ አለበት፤ መለያውንም የሚያስገባው ሰርቨሩ እንጂ ስልኩ መሆን የለበትም። በስልክ በኩል የሚመጣ መለያ በቀላሉ ሊቀየር ይችላል።

ወደ እኛ አገር ሲመጣ

አብዛኛው የውጭ አገልግሎት በዶላር ነው የሚከፈለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ከደንበኞቹ በብር የሚሰበስብና ለቋቱ በዶላር የሚከፍል ድርጅት ይህን አስቀድሞ ማስላት አለበት።

ሕጉም አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ወደ ውጭ አገር የሚተላለፍበትን ሁኔታ ይደነግጋል። ስምና ስልክ ቁጥር ለድምር ስለማያስፈልግ ወደ ትንተና ቋቱ መሄድ የለበትም፤ በቦታው መለያ ቁጥር ይበቃል።

ኔትወርክም አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። ምርት ገበያው ዋጋን በ929 የስልክ ጥሪ፣ የቀድሞው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲም የእርሻ ምክርን በ8028 ማድረሳቸው እዚህ ላይ ትልቅ ትምህርት ነው። ከቋቱ የወጣው ድምር በአጭር መልእክትና በድምፅም መድረስ ከቻለ አገልግሎቱ ግራፍ መክፈት ለማይችለውም ሰው ይሆናል።

መቼ አያስፈልግም?

መዝገቡ ጥቂት መቶ ሺህ ረድፍ ከሆነ ፖስትግሬስን የመሰለ የተለመደ ቋት በአግባቡ ከተደራጀ ይበቃል። የትንተና ቋት የሚያስፈልገው ሰፊ ጥያቄዎች የዕለቱን ምዝገባ ማዘግየት ሲጀምሩ ነው። ያኔም ቢሆን ክፍያና ምዝገባ በቀድሞው ቋት ይቀጥላሉ፤ ወደ ትንተናው የሚሄደው ቅጂያቸው ነው።

የቃሉ አጠቃቀም፦ «የክፍያ መዝገባችን ረድፋዊ ቋት ላይ ነው፤ የደንበኞች ሰሌዳ ግን ከአደራ ትንተና ቋቱ ያነባል።» «አደራ ተቀባዩ ቅጂ በስንት ሰዓት ልዩነት ይይዛል? ውሉ ሲያበቃስ መረጃችንን በምን መልክ ይመልስልናል?» የመጨረሻው ጥያቄ ከመፈረም በፊት የሚጠየቅ ነው። መልሱ በጽሑፍ ካልተሰጠ ቋቱ የትንተና ቋት ሊሆን ይችላል፤ የአደራ ግን አይደለም። አርሶ አደሩ ስሙንና ኪሎውን የሰጠው ለስታርትአፑ ነው፤ ስታርትአፑም መረጃውን ማንም ዘንድ ቢያስቀምጥ ተጠያቂው ራሱ ነው።