ከረሜላና ማራቶን
ስፖርት ሳስተምራችሁ ሜዳ ላይ የሚወድቅ ልጅ ካየሁ «ልምምድ አንሶት ነው» እል ነበር። ቁርስ በልተሃል ወይ ብዬ የጠየቅሁት የለም።

በፈረንጆቹ 1924 ሐኪሙ ሳሙኤል ሌቪንና ባልደረቦቹ የቦስተን ማራቶንን የጨረሱ ሯጮችን ደም መረመሩ። ገርጥተውና ግራ ተጋብተው የገቡት የደም ስኳራቸው በጣም ወርዶ ተገኘ። ሁኔታቸው ኢንሱሊን የበዛበትን የስኳር ሕመምተኛ ይመስል ነበር። ኢንሱሊን ያኔ ገና አዲስ መድኃኒት ነው፤ ጥቂት ዓመት ቀደም ቢል ሐኪሞቹም እንደኔ «ደክሞት ነው» ብለው ያልፉት ይመስለኛል።

በዓመቱ ሯጮቹን በዋዜማው ኃይል ሰጪ ምግብ በደንብ አበሏቸው፤ በሩጫው መሃል ደግሞ ከረሜላ። ስኳራቸው ሳይወርድ ደህና ሆነው ገቡ። ከረሜላ እኮ ነው፣ እኔ ክፍል ውስጥ ስቀማችሁ የኖርኩት!

ሦስተኛው ዙር ላይ የወደቅከው ልጅ፣ ይህን ካነበብክ ጻፍልኝ። ያን ቀን ምን በልተህ ነበር?