ሰማዩ ጠርቶ ወንዙ ሲሞላ፦ ደረቅ አገር ለምን በየዕለቱ የጎርፍ ትንበያ ያስፈልገዋል?

ድሬዳዋን ለሁለት የሚከፍላት ደቻቱ አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ ውሃ የለውም። ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፤ ልጆች አሸዋው ላይ ይጫወታሉ። ለማያውቀው እንግዳ «ይህ ወንዝ ነው» ቢሉት ይስቃል።

ከሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም ግን ማንም አልሳቀም። ከከተማዋ በስተደቡብ ካሉት የምሥራቅ ሐረርጌ ተራሮች የወረደው ውሃ ከተማው በተኛበት ደረሰ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። በሺዎች የሚቆጠሩት መጠለያ አጡ። ሌሊት ስለነበር ብዙዎች የተወሰዱት ከተኙበት ነው።

ያ አደጋ በተነሳ ቁጥር «ድንገተኛ» የሚል ቃል ይከተለዋል። እውነት ድንገተኛ ነበር?

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ቦታው ላይ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ነው። ሐዲዱ ተራራውን ወጥቶ ሐረር መግባት ስላልቻለ ከተራራው ግርጌ፣ ሜዳው ላይ ቆመ። ከተማዋም እዚያው በቀለች፤ በአንድ በኩል ቀጥ ያሉ መንገዶች ያሉት ከዚራ፣ በሌላው በኩል መጋላ፣ መሐላቸው አሸዋማው ደቻቱ። ስለዚህ ከተማዋ ገና ስትቆረቆር የተቀመጠችው ተራራው ውሃውን በሚያፈስበት ደጃፍ ላይ ነው። ከተማዋ ያለችው 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን ከበላይዋ ያለው ደጋ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። በመካከላቸው ያለው ርቀት አጭር ነው። ደቻቱም ከ1998 በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ሞልቶ ሰው ገድሏል።

እንግዲህ ወንዙ ልማዱን ደብቆ አያውቅም። የተረሳው በሁለቱ ጎርፎች መካከል ባሉት ደረቅ ዓመታት ነው። ደረቅ ዓመት ሲበዛ ሰው ወደ ወንዙ ይጠጋል፤ ቤት ይሠራል፣ ገበያ ይዘረጋል። አሸዋው መሬት ይመስላል። አባቶች «እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ» የሚሉት ይህን ዓይነቱን ነው።

ብዙ ሰው ድርቅና ጎርፍ ተቃራኒ ይመስሉታል፤ አንዱ ካለ ሌላው የለም ብሎ ያስባል። መሬቱ የሚለው ሌላ ነው። ለረጅም ጊዜ በፀሐይ የተመታ አፈር ገጹ ይጠጥራል። ሣሩ ደርቆ ወይም በከብት ተግጦ አልቋል፤ የተራራው ዛፍ ለማገዶና ለእርሻ ተመንጥሯል። ኃይለኛ ዝናብ በአንድ ጊዜ ሲወርድ የሚያዘገየው ነገር ስለማያገኝ ሳይሰርግ ቁልቁል ይሮጣል።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሚሊዮን ሊትር ውሃ ነው። በ100 ካሬ ኪሎ ሜትር ተዳፋት ላይ 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብና ግማሹ ብቻ ወደ ወንዙ ቢገባ 2.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል። ይህ ሁሉ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በአንድ ጠባብ አሸዋማ ቦይ ሲያልፍ ከታች ያለው ሰው ጠብታ ላይነካው ይችላል።

በዚያው ሐረርጌ ደጋ ላይ ያለው የሐሮማያ ሐይቅ የጠፋው ከዚያ ጎርፍ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ሐይቅ የደረቀበት ደጋና ከተማ ያጥለቀለቀው ደጋ አንድ ናቸው።

የድሬዳዋ ሐዘን ገና ሳይወጣ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ሁለተኛው መርዶ ከደቡብ ኦሞ መጣ። የኦሞ ወንዝ ወደ ቱርካና ሐይቅ በሚገባበት በዳሰነች ምድር ሞልቶ ከ360 በላይ ሰዎች መሞታቸው ተነገረ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ከብቶችም አለቁ። የዳሰነች አገር ከኢትዮጵያ እጅግ ደረቅ ቦታዎች አንዱ ነው። አርብቶ አደሩ ወደ ወንዙ ዳር የሚጠጋው ግጦሽና ውሃ ፍለጋ ነው። የገደለው ውሃ የዘነበው ግን በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት፣ በላይኛው የግቤና የኦሞ ተፋሰስ ነበር።

ሁለቱ አደጋዎች የሚለያዩት በጊዜ ነው። የተራራው ጎርፍ ድሬዳዋ ለመድረስ የሚፈጅበት ሰዓታት ነው፤ የኦሞ ውሃ ዳሰነች እስኪደርስ ቀናት ይፈጃል። ለመጀመሪያው ከተራራው ላይ የሚደወል ስልክ ያስፈልጋል። ለሁለተኛው ግን ላይ የሚለካውን ታች ለሚኖረው የሚያደርስ አንድ የዕለት መልእክት በበቃ ነበር።

ታዲያ ማስጠንቀቂያው የት ነበር? መልሱ ያለው በተቋማቱ ታሪክ ውስጥ ነው።

የኢትዮጵያ የአየር ሁኔታ ምልከታ ለረጅም ጊዜ በሲቪል አቪዬሽን ሥር ነበር፤ ዋና ሥራውም አውሮፕላን በሰላም እንዲበርና እንዲያርፍ መርዳት ነበር። የወሎ ረሃብ ያንን ቀየረው። ከረሃቡ ማግስት የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1976 የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ተጀመረ። በ1973 ዓ.ም ደግሞ ሚቲዎሮሎጂ ራሱን ችሎ መሥሪያ ቤት ሆነ። ሥርዓቱ የሚከታተለው ዝናብ መቅረቱን፣ ሰብል መጥፋቱን፣ የእህልና የከብት ዋጋ መለዋወጡን ነበር። ረሃብ በወራት ስለሚመጣ መረጃውም በወር ቢሰበሰብ አይከፋም።

ቀጣናውም የሄደው በዚያው መንገድ ነው። የ1977ቱ እልቂት ካለፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1989፣ የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ አገራት ናይሮቢ ላይ አንድ ማዕከል አቋቋሙ። ስሙ «የድርቅ ክትትል ማዕከል» ነበር። ስሙ የፍርሃታቸውን ዓይነት ይናገራል።

ከዚያ እ.ኤ.አ. የ1997ቱ ኤልኒኞ መጣ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ በድርቅ የተጎዳው የአፍሪካ ቀንድ በዓመቱ መጨረሻ በውሃ ተዋጠ። በሶማሊያ የጁባና የሸበሌ ወንዞች ሞልተው ወደ 2,000 የሚጠጋ ሰው እንደሞተ ተገመተ። በየካቲት 1998 እ.ኤ.አ. የቀጣናው ባለሙያዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ናይሮቢ ላይ ተሰብስበው የመጪውን ወቅት ዝናብ በጋራ መተንበይ ጀመሩ። ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ኢጋድ ተጠቃለለ፤ ያን ጊዜም ስሙ ተቀይሮ «የአየር ንብረት ትንበያና ትግበራ ማዕከል» ሆነ። «ድርቅ» የሚለው ቃል ከስሙ የወጣው ድሬዳዋና ዳሰነች ሙታናቸውን ከመቅበራቸው ከሦስት ዓመት ገደማ በፊት ነው። የስም ለውጥ ብቻውን ግን አይበቃም።

የወቅት ትንበያ ትልቅ ነገር ነው። ገበሬው መቼ እንደሚዘራ፣ መንግሥት ስንት ኩንታል እህል እንደሚያስፈልገው ያመለክታል። ነገር ግን «ክረምቱ ከመደበኛ በታች ይሆናል» የሚል ትንበያ ከጎርፍ አያድንም። ከመደበኛ በታች የሆነ ወቅት ማለት በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የጎደለበት ብቻ ማለት አይደለም። ሁለት ወር ደርቆ በአንድ ሌሊት ያለውን ሁሉ የሚያወርድም ወቅት በድምሩ «ከመደበኛ በታች» ሊባል ይችላል። ድምሩን ያነበበ ሰው ያቺን አንድ ሌሊት አያያትም።

ያቺን ሌሊት ሊያይ የሚችለው የዕለቱ ትንበያ ነው። ዛሬ የሳተላይት ምስልና የኮምፒዩተር ስሌት የሚቀጥሉትን ጥቂት ቀናት ዝናብ በየተፋሰሱ ይገምታሉ። የወንዝ መለኪያዎች ከፍታውን ይናገራሉ። በደረቅ ወራት የዕለቱ መግለጫ አሰልቺ ነው፤ «ዝናብ የለም፣ የጎርፍ ስጋት ዝቅተኛ» እያለ ሳምንታት ያልፋሉ። ለዚህም ነው በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚዘነጋው፤ ለዚህም ነው አንባቢ የማይከፍተው። ነገር ግን ዘበኛ የሚቀጠረው ሌባ ለሚመጣበት ሌሊት ብቻ አይደለም፤ የትኛው ሌሊት እንደሆነ ስለማይታወቅ ዓመቱን ሙሉ ይቆማል።

ትምህርቱ ተወስዷል? የቅርቡን ማየት ነው። በ2008 ዓ.ም በኤልኒኞው ድርቅ ምክንያት 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ ዕርዳታ ጠባቂ በሆነበት ዓመት፣ በበልጉ ጅግጅጋን ደራሽ ጎርፍ መታት፤ ሰውም ሞተ። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ቦረናን፣ የሶማሌ ክልልንና ሶማሊያን የመታው ድርቅ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶችን በልቶ የከብቱን ዘር ጨረሰ። በግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዋቢ ሸበሌ ከባሌና ከአርሲ ደጋ የተቀበለውን ይዞ ወርዶ በሶማሊያ በለድወይን ከተማን አጥለቀለቀ፤ ከ200,000 በላይ ሰው ተፈናቀለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኤልኒኞው ሲመጣ ጎርፉ ተደገመ። ከብቱን በድርቅ ያጣ ቤተሰብ የተረፈችውን ጎጆ በውሃ አጣ።

መሻሻል የለም ማለት ሐሰት ነው። ከ1998 በኋላ በደቻቱ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። የሶማሊያ ወንዞችም በየጊዜው መግለጫ ይወጣላቸዋል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. በአምስት ዓመት ውስጥ ማስጠንቀቂያ የማይደርሰው ሰው እንዳይኖር የሚል ግብ አስቀምጧል። ግንብ ግን የሚያግደው እስከ ቁመቱ ነው። ግንብ ያየ ሰው ደግሞ እንደገና ወደ ወንዙ ይጠጋል።

የጎደለው አንድ ነገር ነው፦ የላዩን ሰማይ ለታችኛው ሰው መንገር። የድሬዳዋ ነዋሪ «ዛሬ ድሬዳዋ ፀሐያማ ናት» የሚል ዜና ቢሰማ ስለ ደቻቱ ምንም አላወቀም። ማወቅ ያለበት ደንገጎ ላይ ምን እንደዘነበ ነው። የዳሰነች አርብቶ አደር የግቤን፣ የጎዴና የበለድወይን ሰው የባሌን ሰማይ ማወቅ አለበት። ትንበያ የሚጻፈው በአስተዳደር ወሰን፣ በክልልና በዞን ነው፤ ውሃ ግን የሚሄደው በተፋሰስ ነው፤ ድንበርም አያቆመውም። መልእክቱ በሶማሊኛ፣ በኦሮምኛ፣ በዳሰነች ቋንቋ፣ ሌሊትም ቢሆን ካልደረሰ፣ በአዲስ አበባና በናይሮቢ ኮምፒዩተር ላይ የበራው ቀይ ምልክት ማንንም አይቀሰቅስም።

ከአደጋ በኋላ መግለጫ ማውጣት «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው። ውሻው መጮህ ያለበት ጅቡ ገና ተራራው ላይ ሳለ ነው። ደቻቱ ዛሬም አሸዋ ነው፤ ሰውም ይሻገረዋል። የሚቀጥለው ውሃ ሲመጣ «ድንገተኛ» መባል አለመባሉ የሚወሰነው፣ ተራራው ላይ የመጀመሪያውን ጠብታ ያየው ሰው ለማን እንደሚደውል ዛሬ በማወቁ ነው።