ወደ ማንኩሽ ቁልቁል፦ የሞተር ማንኳኳት እንዴት ወደ ስሌት እንደገባ



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቻግኒና በግልገል በለስ በኩል ወደ ማንኩሽ የሚወርድ አሮጌ የቤንዚን መኪና፣ አገሩ እየቆላ ሲሄድ፣ ዳገት በገጠመው ቁጥር ብረት በብረት የተመታ የሚመስል ድምፅ ሊያሰማ ይችላል። «ሞተሩ ያንኳኳል» እንላለን። ሞተሩም ነዳጁም ያው ናቸው፤ የተለወጠው አየሩ ነው። በአዲስ አበባ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በጉባ፣ የህዳሴው ግድብ ሐይቅ ሲሞላ በሚደርስበት በ640 ሜትር ከፍታ ግን ወደ 93 በመቶ ይጠጋል። በዚህ ላይ የቆላው ሙቀት ይጨመራል።

በሲሊንደሩ ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው፦ ካንዴላው የለኮሰው ነበልባል ወደ ፊት ሲስፋፋ፣ ገና ያልነደደው ድብልቅ በጥግ ተጨምቆ ይግላል። ነበልባሉ ሳይደርስበት በራሱ ከፈነዳ ማንኳኳት ይፈጠራል።

የዚህ ችግር መድኃኒት ከምክንያቱ ዕውቀት ቀድሞ ተገኘ፤ ዋጋውም ከባድ ነበር። ቶማስ ሚጅሊ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1921 ቴትራኤቲል ሌድ የተባለው የእርሳስ ውሁድ ማንኳኳትን እንደሚያስቀር አገኘ። አልኮልም ይህንኑ እንደሚያደርግ ቀድሞ ያውቅ ነበር፤ የተመረጠው ግን እርሳሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 በኒው ጀርሲ ውሁዱን ሲሠሩ የነበሩ አምስት ሠራተኞች በመመረዝ ሞቱ። ያም ሆኖ ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ ከዚህ ቤንዚን የተላቀቀው እ.ኤ.አ. በ2006 መግቢያ ነው። በአገራችን በ2001 ዓ.ም. ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኤታኖል በ5 በመቶ ከቤንዚን ጋር መደባለቅ ተጀመረ፤ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 በመቶ አደገ። ዓላማው የውጭ ምንዛሪ ማዳን ነበር፤ የታሪክ ሰው ግን ሚጅሊ የተወው አልኮል በአባይ ገባር ወንዝ ዳር ተመልሶ መምጣቱን ሳያነሣ አያልፍም።

ስሌቱ ዘግይቶ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1955 ሊቨንጉድና ዉ ቀላል ሐሳብ አቀረቡ፦ በእያንዳንዱ ቅጽበት ባለው ግፊትና ሙቀት፣ ድብልቁ በራሱ እስኪነድ ከሚፈጅበት ጊዜ ምን ያህል ክፍልፋይ እንዳለፈ ይደመር፤ ድምሩ አንድ ሲሞላ ይፈነዳል። ይህ በእርሳስና በወረቀት የሚሠራ ሒሳብ ነው። ሃልስቴድ፣ ኪርሽና ኩዊን እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጡት የሼል ሞዴል ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩትን ኬሚካዊ ምላሾች በስምንት ወካይ እርምጃዎች ጠቀለለ።

አስቸጋሪው የአየሩ ሽክርክሪት ነበር። ነበልባሉ የሚፈጥነው አየሩ ስለሚታመስ ነው፤ እያንዳንዱን እሽክርክሪት መከተል ግን ለኮምፒውተሩ አይቻልም ነበር። ስለዚህ ላውንደርና ስፖልዲንግ እ.ኤ.አ. በ1974 እንዳስፋፉት ዓይነት ሞዴል በአማካይ ፍሰት ላይ ተመሠረተ። እዚህ ላይ እኔ ቅሬታ አለኝ። በሞተር ውስጥ አንዱ ዑደት ከሌላው ይለያል፤ የሚያንኳኩትም ነበልባላቸው የፈጠነባቸው ጥቂት ዑደቶች ናቸው። አማካዩ ዑደት ጸጥ ብሎ ፒስተኑ ሊቀደድ ይችላል። ትልልቆቹን እሽክርክሪቶች አንድ በአንድ የሚያሰላው ዘዴ ይህን ጉድለት ለመሙላት የመጣ ነው፤ የሚጠይቀው የኮምፒውተር ጊዜ ግን ብዙ ነው።

ዘመናዊ መኪና ማንኳኳቱን በራሱ አዳምጦ ካንዴላውን ያዘገያል። ለደጋ አየር ተብሎ የካንዴላው ተኩስ እንዲቀድም የተስተካከለ ባለ ካርቡራተር ሞተር ግን ቆላ ሲወርድ የሚረዳው የለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ቢከለከልም፣ ቀድመው የገቡት ዛሬም ይሠራሉ። የእነርሱን ጉዳይ ማስላት ለሚፈልግ ተማሪ የመጀመሪያው ግብዓት በማንኩሽ በቀትር የሚለካው የአየር ሙቀትና ግፊት ነው፤ መለኪያዎቹም በዚህ አዳራሽ ያለ ማንም ሰው በቦርሳው ይዟቸው ሊወርድ የሚችል ናቸው።