ነፍጠኛ

ስሙኝማ። ከዝዋይ ተነስታችሁ፣ አዳሚ ቱሉን አልፋችሁ ወደ ሻሸመኔ ስትወርዱ ቡልቡላን ታገኛላችሁ። የዝዋይን ውሃ ወደ አብያታ የሚያወርደው ወንዝም ስሙ ቡልቡላ ነው። አገሩ የአርሲ ኦሮሞ ነው፤ እዚህ መስመር ላይ ነፍጠኛ የሚለው ቃል በዋዛ አይነሳም።

ድሮ ስድብ አልነበረም። ነፍጥ ጠመንጃ ነው፤ ነፍጠኛም ጠመንጃ ያዥ፣ ጋሻና ጦር በበዛበት ዘመን የሚያስከብር ሙያ። ምኒልክ በአርሲ ላይ ሲዘምቱ አርሲ በፈረስና በጦር ለዓመታት ተቋቋመ፤ በ1878 ዓ.ም. ማብቂያ ግን አዙሌ ላይ የራስ ዳርጌ ጦር ነፍጥ አሸነፈ። ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ቃሉም እዚያው በቀረ። ግን ወታደሩ ደመወዝ የለውም! በምን ይኑር? ገባር ተመራለት፤ በማዕረጉ ልክ አባወራ ተቆጠረለት። ገባሩ ያርሳል፣ ይፈጫል፣ እንጨት ይሸከማል፣ አጥር ያጥራል፤ ያውም ትናንት የራሱ በነበረ መሬት ላይ። የዚያ ሰው ልጅ ቃሉን በምን ጆሮ እንደሚሰማው እናንተው ገምቱ።

ደግሞ ይሄንንም ያዙልኝ፤ ጌታው አማራ ብቻ አልነበረም። ከምኒልክ ዋና ዋና የጦር አበጋዞች አንዱ ራስ ጎበና ዳጬ ኦሮሞ ናቸው። አማራውም ሁሉ ጌታ አልነበረም፤ በ1965ቱ ረሃብ የረገፈው የወሎ ገበሬስ የማን ነፍጠኛ ነበር?

ተማሪው «መሬት ላራሹ» ብሎ ጮኸ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ወጣ፤ የነፍጠኛው መሬት ሄደ። ቃሉ ግን ሥራ አልፈታም። ከ1983 ወዲህ ፖለቲከኛው «የነፍጠኛ ሥርዓት» ሲል፣ አድማጩ «ሥርዓት» የምትለዋን ጥሎ ጎረቤቱን ያይ ጀመር። በ2012 መስከረም፣ በአዲስ አበባው የኢሬቻ በዓል ላይ፣ የኦሮሚያው መሪ አቶ ሽመልስ አብዲሳ ቃሉን ከመድረክ ሲያነሱት አገር ተንጫጫ። ወዲያው በእልህ «አዎ፣ ነፍጠኛ ነኝ» የሚል በዛ፤ የገባሩ የልጅ ልጅ እንደሚሰማው ግን ግድ አላለውም።

በዚያው ዓመት ሰኔ የኦሮምኛው ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። በተከተለው ሁከት ቢያንስ 123 ሰው መሞቱን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ዘገበ፤ ሻሸመኔን ጨምሮ በብዙ ከተሞች ቤት ነደደ፣ በብሔሩና በሃይማኖቱ እየተለየ የተጠቃ ሰው ነበር።

እኔ የምለው ይሄ ነው፦ ሥርዓቱን ክሰሱት፣ ጻፉበት፣ በዳይነቱን ለልጆቻችሁ ንገሩ። ቡልቡላ ላይ ሱቅ ከፍቶ የሚያድረውን ሰው ግን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ብቻ ነፍጠኛ ማለት ክስ አይደለም፤ ስም ማጥፋት ነው።