ነቢይ ነኝ ባዩ ኤርቪል ለባሮን

በአሜሪካ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን በ1890 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ብዙ ሚስት ማግባትን ተወች። ይህን ያልተቀበሉት ግን ተለይተው ቀሩ፤ ከነርሱም አንዱ በሜክሲኮ የተቀመጠው የለባሮን ቤተ ሰብ ነበረ።

በ1955 ዓ.ም. ጆኤል ለባሮን የራሱን ማኅበር አቆመ፤ ታናሽ ወንድሙ ኤርቪልም ረዳቱ ሆነ። ኋላ ግን ኤርቪል ሥልጣኑ የኔ ነው አለ፤ ያልታዘዘኝም ሞት ይገባዋል ብሎ አስተማረ። በ1972 ዓ.ም. ጆኤል በኤርቪል ተከታዮች እጅ ተገደለ። ቃየል እንኳ ወንድሙን በገደለ ጊዜ እግዚአብሔር አዞኛል አላለም።

በ1977 ዓ.ም. ደግሞ የሌላ ማኅበር መሪ የነበረውን ሩሎን ኦልሬድን ሁለት ሴቶች ልኮ በዩታ ግዛት አስገደለው። ስለዚህም በ1980 ዓ.ም. ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፤ በዓመቱም በወህኒ ቤት ሞተ።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ኤርቪል በወህኒ ሳለ በጻፈው መጽሐፍ፥ ከርሱ የከዱትን ሰዎች ስም ዘርዝሮ ሞት ፈርዶባቸው ነበርና፥ ከልጆቹ አንዳንዶቹ ይህን እንደ አባት ኑዛዜ ያዙት። በ1988 ዓ.ም. በጁን 27 ቀን፥ ከቀኑ በ10 ሰዓት ገደማ፥ በቴክሳስ ግዛት በልዩ ልዩ ስፍራ ሦስት ሰዎች በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ተገደሉ። ከአንደኛው ጋራ የ8 ዓመት ሴት ልጁ ነበረች፤ የአባቷን ሞት አይታለችና እርሷንም ገደሏት።